ከተማው ያነበበው ክንድ

ጋሽ ተካ የተገደሉት በረንዳቸው ላይ፣ እርጅና ከያዛቸው ወዲህ ባልተለዩአት የሸራ ወንበር እንደተቀመጡ ነው። ሁለት እጃቸው ከዘራቸውን ጨብጧል። ከፊት ለፊት ላያቸው እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው ይመስላሉ፤ ከኋላ ዞሮ ያያቸው ግን እንደዚያ አይልም።

ኢንስፔክተር ንጋቷ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ወቅት የማያውቀው የቴፒ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ አርፍዶ ገና ማባራቱ ነበር። ግቢው ጭቃ ነው፣ ጭቃው ደግሞ ሃምሳ ሰው ረግጦታል። የወንጀል ቦታ አይረገጥም የሚለው ትምህርት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቴፒ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል።

"በሩን ልዝጋ ብዬ ነበር" አላት ሳጅን ሳህሉ ባርኔጣውን እያወለቀ። "ለቅሶ ነው አሉኝ። ለቅሶን በምን ሥልጣን ልዝጋው?"

"ተወው። እስቲ ወንበሩን ልየው።"

ወንበሩ ፊቱን ለግቢው በር፣ ጀርባውን ለሳሎኑ በር ሰጥቷል። ቁስሉ አንድ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ፣ ክብ፣ የሲኒ አፍ የሚያክል። የመታቸው ሰው ከቤት ውስጥ ነው የወጣው። ጋሽ ተካ ደግሞ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ይሁን እንጂ ጆሯቸው ሹል ነበር፤ አንገታቸውን ግን አላዞሩም፤ ከዘራቸውንም አላነሱም። ከጀርባቸው የመጣውን ኮቴ ያውቁት ነበር ማለት ነው። ንጋቷ ይህን በልቧ ያዘች።

"ገዳዩ ተይዟል" አለ ሳህሉ።

"ማን?"

"ቲቶ። ያ ከቱም የመጣው የቀን ሠራተኛ። ሸሚዙ ደም ነክቶ ከግቢው ሲሮጥ ሰፈሩ ያዘው። ትናንት ከጋሽ ተካ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

"ይሄ ሰፈር ያልሰማው ምን አለ" አለች ንጋቷ። የምታውቀውን ነው የተናገረችው፤ ያደገችው እዚሁ አጥር ሥር ነው።

ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ እማማ አስካለች ተቀምጣለች። ገና የወተት ጥርሷን በምትነቅልበት ዕድሜ እዚህ ቤት ገብታ፣ ሃምሳ አራት ዓመት ምግብ ሠርታ፣ ልጅ አሳድጋ፣ አሁን ስልሳ ሁለት ሆኗታል። ንጋቷንም እናቷ ገበያ ስትውል በጀርባዋ አዝላታለች። ግቢው ሙሉ ሰው ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። ሰው ግን ሩኅሩኅ ነው፤ "ሐዘኑ አድርቋት ነው" ብሎ ተረጎመላት።

ነጠላዋ ተንሸራቶ ቀኝ ክንዷ ታየ። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ በአረንጓዴ ንቅሳት ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ፤ ጫፉ ላይ መስቀል። ፊደል ያልቆጠረችው አስካለች "ማርያም ትጠብቅሽ ነው የሚለው፤ ጋሼ ናቸው በልጅነቴ ያስነቀሱልኝ" ትላለች። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ከታጠበች በኋላ ክንዷን ትስማለች። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ንጋቷ እንደ ልማዷ ዓይኗን ከጽሑፉ አሸሸች።

*

ቲቶ ጣቢያው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አግዳሚ ወንበር ሲሰጡት እምቢ ብሏል። አማርኛው ለገበያ እንጂ ለፖሊስ የሚበቃ አይደለም። ሳህሉ ያደገው ቱም ስለሆነ የቲቶን ቋንቋ፣ ሜኢኒትን ይችላል፤ አስተርጓሚ ሆነ።

"ትናንት ለምን ተጣላችሁ?"

"በሽማግሌው ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅዬ ነበር። አውርድ አሉኝ። ንቡ ገና ገባ፣ ትንሽ ይቆይ አልኩ። ጮኹብኝ።"

"ዛሬስ?"

"ቀፎውን ላወርድ መጣሁ። ጤና ይስጥልኝ አልኩ፤ ዝም አሉ። የተቆጡ መስሎኝ ቀረብኩ። ራሳቸውን ቀና ሳደርግ እጄ ራሰ።"

"ያኔ ለምን አልጮህክም? ለምን ሮጥክ?"

ቲቶ ሳህሉን አየና ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሳህሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "'እኔን የሚመስል ሰው ሬሳ አጠገብ ከተገኘ ማን ይጠይቀዋል?' ነው የሚለው።"

ከውጭ የጣቢያው በር ተንኳኳ፤ በጡጫም በድንጋይም። "አውጡልን!" የሚል ድምፅ መጣ። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ወሬው ሰዓት ሳይሞላው ቲቶን ዘራፊም ነፍሰ በላም አድርጎታል። ቲቶ ጉልበቱን አቅፎ ግድግዳውን ተጠጋ። ገና ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም።

ኮማንደሩ ንጋቷን ወደ ቢሮው ጠራት። "ነገ ጠዋት መዝገቡም ልጁም ወደ ዞኑ ከተማ፣ ማሻ ይሄዳሉ" አለ ሳያያት። "ሕዝቡን ይዤ ማደር አልችልም።"

"ጌታዬ፣ ቲቶ የመጣው ከግቢው በር ነው። ጋሽ ተካ የተመቱት ከሳሎኑ በር ነው።"

"ሌላ ሰው ካለሽ አምጪ። ፈርሞ፣ ቃሉን ሰጥቶ። አለዚያ ልጁ ይሄዳል።"

*

ሌላ ሰው ለማግኘት ብዙ አልራቀችም። የሟቹ አንድ ልጅ ብሩክ ነው፤ የሚኖረው ሚዛን ተፈሪ ከተማ ሲሆን መርዶውን ሰምቶ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ ተብሏል። አንዲት ጎረቤት ግን መኪናውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ በር ላይ ቆሞ አይታዋለች።

"ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበርክ" አለችው ንጋቷ።

ብሩክ ፊቱ ተለዋወጠ። አብረው ጭቃ አቡክተው ያደጉ ናቸው፤ መደበቅ አልቻለም። "ነበርኩ። ሚዛን ወስጄ ሐኪም ቤት አጠገብ ላስቀምጣቸው ብዬ ለመንኳቸው። ከበረንዳዬ ሬሳዬ ነው የሚወጣው አሉኝ። ተናድጄ አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ይሄን ለሰው እንዴት ልንገረው? አባቴን አስቀይሜ በሄድኩ በሁለት ሰዓቱ..." አልጨረሰውም።

"ከወጣህ በኋላ፣ ቲቶ እስከተያዘበት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የት ነበርክ?"

"መንገድ ላይ። ጎማዬ ፈንድቶ። ጎሚስታውን ጠይቂው።"

ሳህሉ በሞተር ሄዶ ጠየቀ። ጎሚስታው ጎማውንም ሰዓቱንም ብሩክ ስልክ ላይ ሲጮህ የሰማውንም አልረሳም። ብሩክ ከአባቱ ደም ነጻ ነው፤ ከጸጸቱ ማን እንደሚያወጣው እንጃ።

"ገዳዩ እጅሽ ላይ ነው፣ ንጋቷ" አላት ሲለያዩ። "ለምን ታደክሚናለሽ? ደግሞ አስካለችን በጥያቄ እንዳታስጨንቂያት። እሷ የኛ ናት።"

ቃሉን በፍቅር ነው ያለው። "የኛ" የሚለው ቃል ግን ንጋቷን ከነከናት፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለራሷም አልነገረችውም።

*

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው። ሙቀጫው ጥግ ላይ፣ በግማሽ የተወቀጠ ቡና በሆዱ እንደያዘ ቆሟል። ዘነዘናው ግን ሙቀጫው ውስጥ የለም፤ ውጭ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ታጥቧል፣ ዕንጨቱ ገና እርጥብ ነው።

ንጋቷ ቆማ ቀረች። በቡና አገር የተወለደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የቡና ዘነዘና አይታጠብም። በጨርቅ ይጠረጋል። ዕንጨቱ የቡናውን ቅባት ጠጥቶ ነው የሚጠነክረው፤ ውኃ ይሰነጥቀዋል። ደግሞስ ቡናው በግማሽ ቀርቶ ዘነዘና ማጠብ ምንድን ነው? ክብ ጫፉን ተመለከተችው። የሲኒ አፍ ያክላል።

"እማማ አስካል፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?"

"ቀበሌ ነበርኩ፣ ልጄ። ለመታወቂያ። ወረፋው አይጣል ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። ስመለስ ጋሼን እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።" ከጡቷ ሥር የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አወጣች። "ይኸው፣ ይሄን ሰጡኝ።"

ንጋቷ ወረቀቱን ሳታነብ ኪሷ ከተተችው። እፎይ አለች። ሰው ወረፋ ላይ ከነበረ ነበር፤ ምስክሩ ሞልቷል። ቀበሌ ሄዳ አስመስክራ ይህችን የታጠበች ዘነዘና ከአእምሮዋ ታወጣታለች። ለማጣራት ሳይሆን ለመገላገል ብላ ወጣች።

*

የምዝገባው ጸሐፊ ሜሪ ትባላለች፤ ከሚዛን ከመጣች ሁለት ወሯ ነው፤ በሥራዋ ገና ያልሰለቸች ሳቂታ።

"እማማ አስካለች? አስታወስኳቸው እንጂ! በዚያ ዝናብ የዛሬ የመጀመሪያዬ ናቸው። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ጨርሰው ሄዱ። ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ አለ።"

ንጋቷ ወረቀቱን አወጣች። አለ።

"ሌላ የተነጋገራችሁት ነገር ነበር?"

"ምንም። ቅጹ ላይ ልዩ ምልክት የሚል አለ፤ ክንዳቸውን አየሁና አነበብኩላቸው።" ሜሪ ፈገግ አለች። "እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኛ ታቱ የምንለውን እነሱ ድሮውኑ ጨርሰውታል። 'የተካ ናት። ብትጠፋ መልሱልኝ።' ከዚህ የበለጠ ፍቅር አለ? ተካ ባለቤትዎ ናቸው? አልኳቸው።"

ንጋቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"እስቲ ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። በጣታቸው እየነኩ ይሄኛውስ፣ ይሄኛውስ አሉኝ። የማርያም ስም የቱ ጋ ነው አሉ። የለም አልኳቸው። ከዚያ አመሰግናለሁ ልጄ ብለው ወጡ።" የልጅቱ ፈገግታ እየጠፋ ሄደ። "አጠፋሁ እንዴ?"

"አላጠፋሽም" አለች ንጋቷ። እውነቷን ነው። ቴፒ ውስጥ በሃምሳ አራት ዓመት ያንን ክንድ ጮክ ብላ ያነበበች የመጀመሪያዋ ሰው ይህች እንግዳ ናት።

ወደ ጋሽ ተካ ቤት የሚወስደው መንገድ አሥር ደቂቃ ነው። ንጋቷ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ያገኘችውን ታርጋና የሱቅ ስም ሁሉ በምታነብበት ጊዜ፣ የሽሮ አተር ትለቅም የነበረችውን የአስካለችን ክንድ ይዛ "የ... ተ... ካ..." ብላ ጀምራ ነበር። እናቷ በየነች አፏን በመዳፏ ከደነችው። ቤት ወስዳ ጭኗን መዘለገቻትና "ያየሽው ሁሉ አይነበብም፤ ዝም አይነቅዝም" አለቻት። ልጅቱ የቀረውን በዓይኗ ጨርሳው ነበር።

ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ይሉኝታ ነው። በማርያም ስም የምትጽናናን ሴት ማን ደፍሮ ያፈርሳታል? ቄሱ አዩ፣ ዝም አሉ። መምህሩ አየ፣ ዝም አለ። እያንዳንዱ ሌላው ይነግራታል እያለ፣ ደግሞም ሌላው እንዳይነግራት እየጸለየ፣ ዕድሜዋ አለቀ። ንጋቷም ፖሊስ ሆና፣ መሐላ ምላ፣ ማዕረግ ለብሳ፣ ያንን ክንድ እየሳመች "እንዴት ዋልሽ እማማ" ስትል ኖራለች። ራሷን ተጸየፈች።

*

ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ሄዷል። አስካለች ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጣለች። ንጋቷ በሩን ዘግታ ከፊቷ ቁጢጥ አለች።

"ቀበሌ ሄጄ ነበር።"

"አውቄያለሁ። ፊትሽ ላይ አለ።" አስካለች አልደነገጠችም። "ያቺ ልጅ ደህና ናት? ክፉ እንዳትናገሪያት።"

"ደህና ናት።"

"ከቀበሌ ስመጣ መንገዱን ሁሉ ሰው ስቆጥር ነው የመጣሁት። ማንበብ የሚችለውን። ቄሱን ቆጠርኩ። መምህር ከፈለኝን ቆጠርኩ። መርፌ የወጋችኝን ነርስ፣ ብሩክን፣ የብሩክን ሚስት። ጣቴ አለቀ።" ቀና ብላ አየቻት። "አንቺን መቁጠር ፈራሁ።"

ንጋቷ የሙቀጫውን ጠርዝ ያዘች።

"አንብበሽው ነበር፣ ንጋቴ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ።"

አስካለች ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ብትጮህ፣ ብትረግም ለንጋቷ ይቀላት ነበር።

"አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ጠፍቼ ነበር" አለች አስካለች። "እናቴን ፍለጋ። ሸኮ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ዳቦ ሰጠኝ። ክንዴን አየና መኪናውን አዙሮ እዚሁ በር ላይ አወረደኝ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን፣ ጫካ ለጫካ አውሬ እንዳይበላኝ ማርያም ናት የመለሰችኝ እል ነበር። ስለት ሁሉ አስገብቻለሁ።"

"ዛሬ ምን ሆነ?"

"በጓሮ ገባሁ። ፊታቸው ቆሜ 'ጋሼ፣ ክንዴ ላይ ምንድን ነው የሚለው?' አልኳቸው። 'ማርያም ትጠብቅሽ ነዋ፤ ዛሬ ምን ነካሽ? ቡናው አልደረሰም እንዴ?' አሉኝ። ሳቅ እንኳ ብለው። ልወቅጥ ገባሁ። እየወቀጥኩ፣ እየወቀጥኩ..." እጇን ተመለከተች። "አንድ ቀን እውነቱን ቢሉኝ፣ የጉብዝና ጥፋት ነው፣ ይቅር በዪኝ ቢሉኝ፣ እግራቸውን አጥቤ አስተኛቸው ነበር። እግዜር ያውቃል። ደግመው ዋሹኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ዕቃ አጠብኩ።"

"ቲቶ መታሰሩን ሰምተሻል?"

"ሰማሁ። አላደረገም፣ ይለቁታል ብዬ ዝም አልኩ።" ዓይኗን ወደ ዘነዘናው መለሰች። "ለካ ዝም ማለት እንዲህ ቀላል ነው።"

*

ጣቢያው ውስጥ ንጋቷ ቃሏን በገዛ እጇ ጻፈችው። ስም የሚለው ላይ ስትደርስ አስካለች አቋረጠቻት። "አስካለች ብለው ያወጡልኝ እነሱ ናቸው። የበፊቱን ረስቼዋለሁ። እንዳሻሽ አድርጊው።" ንጋቷ አስካለች ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምን ትጻፍ?

ሦስት ገጽ ሆነ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላት። ከዚያ የጣት አሻራውን ቀለም ቆርቆሮ ከፍታ አስጠጋችላት።

አስካለች እጇን አላነሳችም።

"ያነበብሽልኝ የተጻፈው መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"እማማ፣ እኔ እኮ ነኝ።"

"አዎ። አንቺ ነሽ።"

ንጋቷ ሳህሉን ጠራችው። ሳህሉ አነበበ፣ ያው ቃል። የመዝገብ ቤቷን ዲቦራን ጠራች። ዲቦራም አነበበች፣ ያው ቃል። አስካለች እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠቻቸው።

"ያን ጊዜም አንድ ቃል ነበራችሁ" አለች። "አንድም ያፈነገጠ አልነበረም።"

ከውጭ የሕዝቡ ድምፅ ይሰማል፤ ኮማንደሩ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ "አልፈረመችም?" ብሎ ተመልሷል። ካልፈረመች ቲቶ ነገ ማሻ ነው፤ ማሻ ደግሞ እውነቱ እስኪገለጥ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማንም አይነግረውም።

"ልጁን አውጪውና ልየው" አለች አስካለች። "ንባባችሁን አላምንም። ዓይኔን ግን አምናለሁ።"

"ሳትፈርሚ እንዳይወጣ ታዟል።"

"እንግዲያውስ እኔም ሳላይ አልፈርም።"

ንጋቷ ትዕዛዝ ጥሳ አታውቅም። ለሳህሉ ቁልፉን ወረወረችለት። "በጓሮ በር አውጣው። በሞተር እስከ ሚዛን አድርሰው፤ ከዚያ ራስህ መኪና ላይ አሳፍረው። ኮማንደሩ ከጠየቀህ እኔ ነኝ ያዘዝኩህ።"

ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ ላይ ቆሙ። ቲቶ ደም የነካውን ሸሚዙን አውልቆ፣ የሳህሉን የዝናብ ካፖርት ደርቦ ወጣ። ማን እንዳወጣው አላወቀም፤ ቀና ብሎም አላያቸውም። ሞተሩ ላይ ተቀምጦ የሳህሉን ወገብ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከሙዙ ተክል ጀርባ እስኪሰወሩ አስካለች ዓይኗን አልነቀለችም።

ከዚያ መጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን እስከ አንጓዋ ሳበችው፤ ክንዷ ተሸፈነ። አውራ ጣቷን ማንም ሳይዛት ቀለሙ ላይ ጫነችው።

"የቱ ጋ ነው?"

ንጋቷ ቦታውን በጣቷ አሳየቻት።

"እዚህ መሆኑንም የምታውቂው አንቺ ነሽ" አለች አስካለች፤ ጣቷንም አሳረፈች።

ንጋቷ ወረቀቱን አጥፋ መዝገቡ ውስጥ ልትከት ሞከረች። አልገባ ሲላት ዲቦራ ተቀብላት ከተተችላት።